በመዳብ ቧንቧ ውኃ የሚዞርበት ኮምፒዩተር፤ አሠራሩና ነጋዴው ሊጠነቀቅበት የሚገባው ነገር



ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አንድ ወጣት የሕንፃ ፕላን ነዳፊ ወደ መደብራችን መጥቶ ሁለት ሜትር የመዳብ ቧንቧ ጠየቀ። መደብራችን የቧንቧና የአየር ማቀዝቀዣ ዕቃዎች የሚሸጥበት ስለ ሆነ ጥያቄው እንግዳ አልነበረም፤ እንግዳ የሆነብን ቧንቧው የሚገባው ከግድግዳ ውስጥ ሳይሆን ከኮምፒዩተር ውስጥ መሆኑን በነገረን ጊዜ ነው። የፈለገው የውጭ ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነበር። እኔም የዕቃውን መዝገብ ተመልክቼ «እኛ ግማሽ ኢንች የምንለው ይኸው ነው፤ ልክ ይሆናል» አልሁና ደረሰኙን ጻፍሁለት። በደረሰኙ ላይ የሰፈረው «የመዳብ ቧንቧ፣ ግማሽ ኢንች፣ 2 ሜትር» የሚል ብቻ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ወጣቱ ተመልሶ መጣ። በእጁ ይዞት የመጣው ከእንግዲህ የማይሠራ ግራፊክስ ካርድ ነበር። ከመገጣጠሚያዎቹ አንዱ ጥቂት በጥቂት አንጠብጥቦ፣ ውኃው ካርዱ ላይ ወርዶ፣ መብራት እንዳለ አበላሽቶታል። ይህ ካርድ የወጣቱ እንጀራ ነው፤ የደንበኞቹን ሕንፃ ገና መሠረቱ ሳይጣል በሥዕል የሚያሳያቸው በእርሱ ነውና። አሠሪዬ ደረሰኙን አስቀርበው አነበቡት፤ ከዚያም «ይህ ወረቀት የሸጥነውን ዕቃ አይናገርም» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። በጉዳዩ ምን እንደ ወሰኑ በጽሑፉ መጨረሻ እገልጣለሁ።

ከዚያ በኋላ ወጣቱ ኮምፒዩተሩን እንደ ገና ሲሠራ እሑድ እሑድ እየሄድሁ አብሬው ሠራሁ። ስሕተቴ ምን ላይ እንደ ነበረ ለመረዳት ሌላ መንገድ አልታየኝም። የተማርሁትንም ለሥራ ባልደረቦቼ ለነጋዴዎች፣ ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች ይጠቅም ይሆናል በማለት እነሆ አቀርባለሁ።

ውኃ ከኮምፒዩተር ውስጥ የገባበት ምክንያት

ኮምፒዩተር የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል በመጨረሻ ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ለምሳሌ በ2023 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው ኮር አይ9 14900ኬ የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር በከባድ ሥራ ጊዜ እስከ 253 ዋት ይወስዳል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090 ግራፊክስ ካርድ ደግሞ 450 ዋት ይወስዳል። ሁለቱ ሲደመሩ 703 ዋት ይሆናል። ይህ ከአንድ የልብስ ካውያ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ካውያው ሙቀቱን የሚያወጣው በሰፊ ብረቱ ሲሆን፣ እነዚህ የሚያወጡት ከቴምብር እምብዛም በማይበልጥ ገጽ ላይ ነው። ሙቀቱ ቶሎ ካልተነሣ ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃረብ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ባለቤቱም የከፈለበትን ፍጥነት ሳያገኝ ይቀራል።

ሙቀትን ለማንሣት የተለመደው ዘዴ አየር ነው። ውኃ ግን በዚህ ሥራ ከአየር እጅግ ይበልጣል። በክብደት ሲመዘን አንድ ኪሎ ውኃ ከአንድ ኪሎ አየር አራት እጥፍ ያህል ሙቀት ይሸከማል፤ በስፍር ሲለካ ግን አንድ ሊትር ውኃ ከአንድ ሊትር አየር ከሦስት ሺህ እጥፍ በላይ ይሸከማል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየራችን ከወደብ ከተሞች አየር በአንድ አራተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ስለዚህ ቬንትሌተሩ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያንቀሳቅሰው አየር በክብደት ያነሰ ነው። በሌላ አገር የተጻፈውን የማቀዝቀዝ ችሎታ እንዳለ ወስዶ በዚህ ከተማ ለገዢ ዋስትና መስጠት የማይገባው ስለዚህ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ሲሙር ክሬይ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የነደፈውና በ1976 እ.ኤ.አ. በሎስ አላሞስ የምርምር ተቋም የተተከለው ክሬይ 1 የተባለው ታላቅ ኮምፒዩተር 115 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስድ ነበር። ሙቀቱንም የሚያነሣው በአሉሚንየም ዓምዶች መካከል በተዘረጋ የማይዝግ ብረት ቱቦ ውስጥ የሚዞር ፍሪዮን ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ አፕል ፓወር ማክ ጂ5 በተባለው የጠረጴዛ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ፈሳሽ ማቀዝቀዣ አስገብቶ ለሕዝብ ሸጧል። ዛሬ የግል ሠሪው የሚያደርገው ያንኑ ሐሳብ በትንሹ መድገም ነው።

የሥርዓቱ ክፍሎች

ሥርዓቱ ከመኪና ሞተር ማቀዝቀዣ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ መካኒክ ያየው እንደ ሆነ ወዲያው ይገባዋል። ክፍሎቹ አምስት ናቸው።

አንደኛው የውኃ ብሎክ ነው። ይህ በፕሮሰሰሩ ወይም በግራፊክስ ካርዱ ላይ የሚታሰር፣ ሥሩ ከመዳብ የተሠራ፣ በውስጡ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የቀጠኑ መስመሮች ያሉት ነው። ብዙ ጊዜ በኒኬል ይለበጣል።

ሁለተኛው ፓምፕ ነው። በኮምፒዩተሩ 12 ቮልት ይሠራል፤ ውኃውንም ሳያቋርጥ ያዞራል።

ሦስተኛው የውኃ ማጠራቀሚያ ነው። አየር ከውኃው የሚለይበትና ውኃ የሚጨመርበት ስለ ሆነ ሁልጊዜ ከፓምፑ በላይ መቀመጥ አለበት። ፓምፑ የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በሚያልፍበት ውኃ ነውና ያለ ውኃ ከዞረ በአጭር ጊዜ ይበላሻል።

አራተኛው ራዲያተር ነው። መጠኑ የሚነገረው በላዩ በሚታሰሩት ቬንትሌተሮች ሲሆን፣ ባለ 120፣ ባለ 240ና ባለ 360 ሚሊ ሜትር የሚባሉት በገበያ የሚዘወተሩ ናቸው። የሙያው ሰዎች በልማድ ለእያንዳንዱ 120 ሚሊ ሜትር ክፍል 100 ዋት ያህል ያስባሉ። እንግዲህ ከላይ ለተጠቀሰው 703 ዋት ባለ 360 የሆኑ ሦስት ራዲያተሮች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። በእኛ ከፍታ ላይ ደግሞ ከዚህ ማብዛት እንጂ ማሳነስ አይገባም።

አምስተኛው ቧንቧውና ፊቲንጉ ነው። ወጣቱን ያከሰረው ይህ ክፍል ስለ ሆነ ከዚህ በታች ለብቻው እመለስበታለሁ።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ስሕተቶችን ማረም ይገባል። አንዳንድ ገዢ ውኃ ኮምፒዩተሩን ከክፍሉ አየር በታች የሚያበርደው ይመስለዋል፤ ይህ አይሆንም። ውኃው ሙቀቱን ከቦታ ወደ ቦታ ያጓጉዛል እንጂ አያጠፋውም፤ ራዲያተሩም የሚያስረክበው ለክፍሉ አየር ነው። ሌላው ደግሞ ውኃው መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን ይንካ ወይስ ካርዱን እያለ ይጨነቃል። ውኃው በደቂቃ አራት ሊትር የሚዞር ከሆነ 700 ዋት ሙቀት የሚያሞቀው በሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የሚያመጣው ልዩነት ጥቂት ነው። ቧንቧው አጭርና ቀጥ ያለ የሚሆንበትን መንገድ መምረጥ ይሻላል።

ብረት ቧንቧ ለምን ይመረጣል

ለዚህ ሥራ ለስላሳ ጎማ መሰል ቱቦም፣ ጠንካራ ፕላስቲክም፣ ብረትም ያገለግላል። ሻጭ እውነቱን መናገር ካለበት፣ የመዳብ ቧንቧ ኮምፒዩተሩን ከሌላው ይልቅ አያቀዘቅዝም። መዳብ ሙቀትን በደንብ እንደሚያስተላልፍ የታወቀ ነው፤ ሆኖም የቧንቧው ገጽ ከራዲያተሩ ስስ ቅጠሎች ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ጥቅሙ ከቁጥር አይገባም።

እውነተኛው ጥቅም ጥንካሬው ነው። ለስላሳው ቱቦ በጊዜ ብዛት ከውስጡ የሚያለሰልሰውን ቅመም ወደ ውኃው ሊለቅና የብሎኩን ቀጫጭን መስመሮች ሊደፍን ይችላል፤ በግድግዳውም በኩል ውኃው ጥቂት በጥቂት ይተንናል። ጠንካራው ፕላስቲክ ውኃው ከመጠን በላይ የሞቀ እንደ ሆነ ከፊቲንጉ ውስጥ ሊለሰልስ ይችላል። መዳብ ከእነዚህ ሁሉ ነጻ ነው። በተጨማሪም ተወልውሎ ሲታይ ያምራል፤ ብዙ ሰው የሚገዛውም ስለዚሁ እንደ ሆነ መካድ አይቻልም።

ጉዳቱም መነገር አለበት። መዳብ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ከማዘርቦርዱ ጋር ከተነካካ ያቃጥላል። በውስጡ የሚያልፈው ውኃ ስለማይታይ አየር ወይም ቆሻሻ ቢኖር የሚታወቀው በማጠራቀሚያው በኩል ብቻ ነው። ካልተቀባም ይጠቁራል። ከሁሉም በላይ ብረት እንደ ጎማ እሺ አይልም፤ ጫፉ ከፊቲንጉ ፊት ለፊት በትክክል ካልደረሰ አስገድዶ ማስገባት መገጣጠሚያውን በጎን እንዲጫን ያደርገዋል፤ ውሎ አድሮም ያንጠባጥባል።

አንዱ ቧንቧ ሁለት ስም ሲኖረው

አሁን ወደ ስሕተቴ እመጣለሁ። የኮምፒዩተሩ ፊቲንግ የሚሠራው በቧንቧው የውጭ ስፋት ልክ ሲሆን፣ የሚዘወተሩት 12፣ 14ና 16 ሚሊ ሜትር ናቸው። በፊቲንጉ ውስጥ ኦሪንግ የተባለ የጎማ ቀለበት አለ፤ ቧንቧውን ዙሪያውን አንቆ ውኃውን የሚይዘው እርሱ ነው። በዚህ ዓይነት መገጣጠሚያ ብየዳ የለም፤ ቀለበቱ ቧንቧውን አጥብቆ ካልያዘ ሌላ የሚይዘው ነገር የለም።

የቧንቧው ንግድ ግን ሦስት ልዩ ልዩ የአለካክ ልማዶች አሉት። በአሜሪካ ልማድ ለውኃ መስመር «ግማሽ ኢንች» የሚባለው የመዳብ ቧንቧ ስሙ ብቻ ነው ግማሽ ኢንች፤ የውጭ ስፋቱ አምስት ስምንተኛ ኢንች፣ ማለት 15.875 ሚሊ ሜትር ነው። በአየር ማቀዝቀዣ ሥራ ደግሞ ቧንቧው የሚጠራው በውጭ ስፋቱ ስለ ሆነ «ግማሽ ኢንች» ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። በአውሮፓ ልማድ ቧንቧው የሚለካው በሚሊ ሜትር በውጭ ስፋቱ ሲሆን፣ 12፣ 15ና 22 የተለመዱት ናቸው።

እንግዲህ አስቡት። አንዱን ቧንቧ የውኃ ሠራተኛው «ግማሽ ኢንች» ሲለው የማቀዝቀዣ ሠራተኛው «አምስት ስምንተኛ» ይለዋል። «ግማሽ ኢንች» የሚል አንድ ደረሰኝ ደግሞ የ15.875 ወይም የ12.7 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ሊሆን ይችላል። እኛ የሁለቱንም ወገን ዕቃ የምንሸጥ ሆነን ሳለ እኔ የጻፍሁት ወረቀት ከሁለቱ የትኛውን እንደ ሆነ አይለይም ነበር። አሠሪዬ የተናገሩት ይህንን ነው።

ለወጣቱ የተሰጠው ባለ 15.875 ነበር። ከ16 የሚያንሰው በአንድ ሚሊ ሜትር ስምንተኛ ብቻ ስለ ሆነ በዓይን አይታይም፤ በእጅም ሲገባ ልክ ይመስላል። አንዳንዱ የጎማ ቀለበት ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል፣ አንዳንዱ አይሸፍነውም፤ በዚህ ላይ ዋስትና መስጠት የሚችል ሻጭ የለም። 12 ሚሊ ሜትር የሆነው የአውሮፓ ቧንቧ ግን ከ12 ሚሊ ሜትር ፊቲንግ ጋር ስለሚስማማ በሁለተኛው ሥራ የመረጥነው ይህንኑ ነው። የአውሮፓው 15 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ለ14ም ለ16ም እንደማይሆን ለገዢው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ፊቲንጉ ከብሎኩና ከራዲያተሩ ጋር የሚታሰርበት ጥርስም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተለመደው ጂ 1/4 የተባለው ነው፤ ስፋቱ 13.157 ሚሊ ሜትር ሲሆን በአንድ ኢንች 19 ጥርስ አለው። የአሜሪካው ኤንፒቲ 1/4 ግን 18 ጥርስ ያለውና ወደ ጫፉ የሚሾል ስለ ሆነ አይስማማም፤ አስገድደው ቢያስሩት የብሎኩን ክዳን ይሰነጥቃል። ጂ 1/4 ቀጥ ያለ ጥርስ ነው፤ ውኃ የሚይዘውም በጎማው ቀለበት እንጂ በጥርሱ አይደለም። ስለዚህ የቧንቧ ሠራተኛ እንደለመደው ቴፍሎን መጠቅለል አያስፈልግም፤ በእጅ አጥብቆ ጥቂት መጨመር ይበቃል።

መዳብና አሉሚንየምን ስለ ማቀላቀል

ሁለት የተለያዩ ብረቶች በአንድ ውኃ ውስጥ ተገናኝተው የተያያዙ እንደ ሆነ ከሁለቱ አንዱ ይበላል። መዳብና አሉሚንየም በተገናኙ ጊዜ የሚበላው አሉሚንየሙ ነው። ነገሩ በዝግታ ይሠራል፤ በመጀመሪያ ውኃው ይደፈርሳል፣ ቀጥሎ የብሎኩ መስመሮች ይደፈናሉ፣ በመጨረሻም ራዲያተሩ ይበሳል። ስለዚህ የመዳብ ቧንቧ የሚገዛ ሰው ራዲያተሩ ከመዳብና ከናስ፣ ፊቲንጉም ከናስ የተሠራ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ናስና መዳብ፣ እንዲሁም በደንብ የተለበጠ ኒኬል አብረው ይኖራሉ።

ፋብሪካው አሽጎ የሚሸጣቸው ያለቀላቸው ማቀዝቀዣዎች አብዛኛዎቹ የአሉሚንየም ራዲያተርና የመዳብ ብሎክ አላቸው። በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ መከላከያ ቅመም ስላለውና አየር ስለማይገባቸው ይቆያሉ። ይህንን አይቶ እነርሱን ፈትቶ በመዳብ ቧንቧ መቀጠልና ተራ ውኃ መሙላት ግን ትልቅ ስሕተት ነው።

ውኃውም ቢሆን የቧንቧ ውኃ መሆን የለበትም፤ በውስጡ ያለው ማዕድን ደለል ይሠራልና። የሚፈለገው የተጣራ ውኃ ሲሆን፣ ዝገት የሚከላከልና አልጌ እንዳያበቅል የሚያደርግ ቅመም ይጨመርበታል፤ ለዚሁ ተብሎ ተቀላቅሎ የሚሸጠውም ይሆናል። «የባትሪ ውኃ» ተብሎ የሚሸጠውን የተጣራ ውኃ የሚጠቀም ሰው ከባትሪ አሲድ ጋር እንዳያምታታው አደራ፤ ጠርሙሶቹ ተመሳሳይ በሆኑበት ሱቅ ይህ አደጋ ቀላል አይደለም።

አቆራረጡ፣ አጠማዘዙና አገጣጠሙ

በመጀመሪያ ቧንቧው የሚሄድበትን መንገድ በወፍራም የኤሌክትሪክ ሽቦ አጥፎ ናሙና ማድረግ ይጠቅማል። ሽቦው ቢበላሽ ኪሣራው ጥቂት ነው።

ቧንቧው የሚቆረጠው በዙሪያው በሚዞር የቧንቧ መቁረጫ ነው። መቁረጫውን በየዙሩ ጥቂት ብቻ ማጥበቅ ይገባል፤ በአንድ ጊዜ ካጠበቁት ቧንቧው ይጨፈለቃል። ከተቆረጠ በኋላ በውስጥና በውጭ የሚቀረው ስለታም ስንጥር በሞረድ መነሣት፣ የውጭው ጠርዝም በጥቂቱ ዘወር ተደርጎ መሞረድ አለበት። ይህ ካልተደረገ ጠርዙ በሚገባበት ጊዜ የጎማውን ቀለበት እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። የወጣቱን የመጀመሪያ ሥራ ስንፈታ ያንጠባጠበው መገጣጠሚያ ቀለበቱ የተቆረጠ ሆኖ አገኘነው። እንግዲህ ጥፋቱ ሁለት ነበር፤ የሳሳው ቧንቧ የእኛ፣ ያልተሞረደው ጠርዝ የእርሱ።

ለማጠፍ ለስፋቱ የተሠራ ማጠፊያ ያስፈልጋል። በጥቅል የሚሸጠው መዳብ ለስላሳ ስለ ሆነ ይታጠፋል፤ በቀጥታ ዘንግ የሚሸጠው ግን ደረቅ ስለ ሆነ ይሰበራል ወይም ይጨማደዳል። ደረቁን ለማለስለስ የሚታጠፈውን ክፍል በእሳት ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪመስል አግሎ ማቀዝቀዝ ነው። ማጠፊያ የሌለው ሰው በደረቅ ደቃቅ አሸዋ ሞልቶ፣ ጫፎቹን ወትፎ ሊያጥፈው ይችላል፤ ነገር ግን የተወተፈ ቧንቧ በእሳት ፈጽሞ አይገላም፤ በውስጡ ጥቂት እርጥበት ቢኖር እንፋሎቱ ያፈነዳዋልና። አስቀድሞ አግሎ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ አሸዋውን መሙላት ነው።

ከዚያ በኋላ ገጹ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ውስጡም በሳሙናና በውኃ፣ በመጨረሻም በተጣራ ውኃ ይታጠባል። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ወይም የመዳብ ብናኝ የብሎኩን መስመር ትዘጋለች። ሲገጠም ቀለበቱን በጠብታ ውኃ ማርጠብ፣ የሚገባውንም ልክ አስቀድሞ በእርሳስ በቧንቧው ላይ ምልክት ማድረግ ይጠቅማል፤ ምልክቱ ከፊቲንጉ አፍ ላይ ካልደረሰ ቧንቧው አልገባም ማለት ነው።

ሳይፈተን መብራት አይሰጠውም

ወጣቱ በመጀመሪያው ሥራ የፈተነው ለአንድ ሰዓት ብቻ ነበር። አንድ ሰዓት የሚያሳየው ትልቁን ፍሳሽ እንጂ ትንሹን ጠብታ አይደለም።

በሁለተኛው ሥራ በመጀመሪያ በአየር ፈተንነው። ውኃ ሳይገባ፣ መለኪያ ባለው የእጅ ፓምፕ እስከ ግማሽ ባር አየር ሞልቶ ግማሽ ሰዓት መቆየት ነው። የመለኪያው መርፌ ከወረደ አንድ ቦታ ይተነፍሳል፤ ፈልጎ ማጥበቅ ወይም ቀለበቱን መለወጥ ይገባል። አየር ቢያመልጥ የሚያበላሸው ነገር ስለሌለ ይህ ፈተና ኪሣራ የለውም።

ቀጥሎ ውኃ ይሞላል። በዚህ ጊዜ ከፓምፑ በቀር ማዘርቦርዱም ሆነ ካርዱ ከኤሌክትሪክ መስመር መለየት አለባቸው፤ ፓወር ሳፕላዩ ፓምፑን ብቻ እንዲያሠራ ለዚሁ የተዘጋጀ ማስነሻ መሰኪያ አለ። ውኃው በወረደ ቍጥር ፓምፑን አጥፍቶ መጨመር፣ ሣጥኑንም ወዲያና ወዲህ እያዘነበሉ አየሩን ማስወጣት ነው። በየመገጣጠሚያው ሥር ነጭ የእጅ መጥረጊያ ወረቀት አንጥፎ ፓምፑን 24 ሰዓት ማዞር፤ ወረቀቶቹ ሁሉ ደረቅ ሆነው ከተገኙ ብቻ የቀረው መስመር ይያያዛል። እኛም እንዲሁ አደረግን፤ በነጋታው ከአሥራ ሁለቱ ወረቀቶች አንዱም አልረጠበም።

ከዚያ ወዲያ በዓመት አንድ ጊዜ ውኃውን አፍስሶ መመልከትና መለወጥ ይበቃል። ለዚህም ከሥርዓቱ ዝቅተኛ ቦታ ላይ መክፈቻ ቢደረግለት ሥራው ይቀላል።

ለአስመጪና ለባለ ሱቅ

ይህ ዕቃ ብዙ ገዢ ያለው አይደለም። የሚፈልጉት የሕንፃ ነዳፊዎች፣ የፊልም አቀናባሪዎች፣ ከባድ ስሌት የሚሠሩና ጨዋታ የሚወዱ ወጣቶች ናቸው። ስለዚህ መርከብ ሙሉ ይምጣ ብዬ አልመክርም። ነገር ግን መዳብ ቧንቧ የሚሸጥ መደብር ከዕቃው ግማሹ ቀድሞውኑ በመደርደሪያው ላይ አለው፤ የሚጎድለው ትክክለኛ ልክና ትክክለኛ ቃል ነው።

ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ በፕሮፎርማው ላይ አራት ነገሮች እንዲጻፉ ይጠይቅ። እነርሱም የውጭ ስፋት በሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት፣ ለስላሳ ወይም ደረቅ መሆኑ፣ የፊቲንጉም ጥርስ ዓይነት ናቸው። ለራዲያተር ደግሞ «መዳብና ናስ» ወይስ «አሉሚንየም» የሚለው በግልጥ ይስፈር።

በጉምሩክ ታሪፍ በኩል ሁሉንም «የኮምፒዩተር ዕቃ» ብሎ በአንድ መስመር መጻፍ ጥያቄ ያስነሣል። በዓለም አቀፉ የዕቃዎች ምደባ የመዳብ ቧንቧ በ7411፣ የመዳብና የናስ ፊቲንግ በ7412፣ የፈሳሽ ፓምፕ በ8413፣ ቬንትሌተር በ8414፣ ለኮምፒዩተር ብቻ ተብለው የተሠሩ ክፍሎች በ8473 ሥር ይገኛሉ። የመጨረሻው ውሳኔ የጉምሩክ ሹም መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ዝርዝሩን ለያይቶ ያቀረበ ነጋዴ የሚጠፋበት ጊዜ ያነሰ ነው።

አሠሪዬ የወሰኑት

ጥፋቱ ሁለት መሆኑ በታወቀ ጊዜ አሠሪዬ ወጣቱን አስጠርተው «ልጄ፣ ግማሹ ጥፋት የእኛ ነው፤ የካርዱን ግማሽ ዋጋ እንከፍላለን፤ ግማሹን ግን አንተ ቻለው» አሉት። ወጣቱም «ጋሼ፣ እኔም ጠርዙን አልሞረድሁምና ፍርዱ ልክ ነው» ብሎ ተቀበለ። የተከፈለው ገንዘብ ከዚያ ወር የመዳብ ትርፋችን ይበልጥ ነበር። ከደመወዜ ይቆረጥ ይሆናል ብዬ ስፈራ አሠሪዬ ያዘዙኝ ሌላ ነገር ሆነ፤ በመጋዘን ያለውን ቧንቧ ሁሉ አንድ በአንድ በካሊፐር ለክቼ መዝገቡን እንደ ገና እንድጽፍ አዘዙኝ። ሥራው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በአንድ ስም የተመዘገቡ ሦስት ልዩ ልዩ ስፋቶች አገኘሁ።

አሁን በመደብራችን ካሊፐር በባንኮኒው ላይ በሰንሰለት ታስሮ ይገኛል። ገዢ ሲመጣ ቧንቧው በፊቱ ይለካል፤ በደረሰኙም ላይ «የመዳብ ቧንቧ፣ የውጭ ስፋት 12 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳ 1 ሚሊ ሜትር፣ ለስላሳ» ተብሎ ይጻፋል። ይህን ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። የወጣቱ ኮምፒዩተርም እስከ ዛሬ ያለ ጠብታ ይሠራል፤ በየሳምንቱ ለደንበኞቹ የሚያደርሰውን ሥዕል በዚያው ላይ ይሠራል፤ ቧንቧ የሚፈልጉ ጓደኞቹንም ወደ እኛ ይልካል።